ተመራቂን እዚሁ ለማቆየት ክልሉ ማበረታቻ ቢሰጥስ? (ሐዋሳ)

የታቦር ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤተሰብ። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ስናወራ አንድ ነገር ጣል አደረገችልኝ። እዚያ አንዳንድ ስቴቶች ያስተማሯቸው ልጆች ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ትልልቅ ከተሞች እብስ እያሉባቸው ተቸግረዋል አሉ። ስለዚህ "እኛ ጋ ኑሩ፣ እኛ ጋ ሥሩ፣ የትምህርት ብድራችሁን እናግዛችኋለን" ማለት ጀመሩ። አንዱ ከግብር ይቀንስላቸዋል፣ ሌላው ብድሩን በጥሬው ይከፍልላቸዋል።

እኛስ? ምርቃት ሰሞን የዩኒቨርሲቲው ዋናው ግቢ በር ላይ ቁሙ። ጋውን የለበሰ፣ አበባ ያቀፈ፣ ፎቶ የሚነሳ ልጅ ነው። በሳምንቱ መናኸሪያ ሂዱ፤ እነዚያኑ ልጆች ሻንጣ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። ከእኛ ባች ሐዋሳ የቀረነው በጣት የምንቆጠር ነን።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። የሲዳማ ክልል "ወረዳ ወጥቶ ሦስት ዓመት ላገለገለ ተመራቂ ኮስት ሼሪንጉን (የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ዕዳውን) እኔ እከፍልለታለሁ" ቢልስ? ቤንሳና አሮሬሳ ባለሙያ ይፈልጋሉ። እዚህ ከተማ ደግሞ ባለ ዲግሪው ባጃጅ ይነዳል። ሁለቱን ማገናኘት ይህን ያህል ከባድ ነው? ሐሳብ ስጡበት። ፖለቲካ አታስገቡብኝ፣ አደራ።

ሀይቅ ዳር

የክልል በጀት ጉዳይ ከፍተህ "ፖለቲካ አታስገቡ"? ሃሃ። በል እስቲ እንሞክራለን።

ካንሳስ ያለሁት

የአክስትህ ልጅ እውነቷን ነው። ግን ነገሩ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። የምኖርበትን ስለማውቀው በካንሳስ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሕዝባቸው እየተመናመነ ለነበረ 50 የገጠር ካውንቲዎች አንድ ፕሮግራም ወጣ። ካውንቲን እንደኛ ወረዳ ቁጠሩት። ዲግሪ ይዘህ እዚያ ሄደህ ከኖርክ በአምስት ዓመት ውስጥ እስከ 15,000 ዶላር ድረስ የትምህርት ብድርህ ይከፈልልሃል። በዓመት 3,000 መሆኑ ነው። ልብ በሉ፣ ስቴቱ ብቻውን አይከፍልም። ግማሹን ካውንቲው ወይም የሚቀጥርህ ድርጅት ያዋጣል። እነሱ ካላዋጡ የስቴቱ ግማሽ ብቻውን አይመጣም። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ሰው ደግሞ ለተወሰኑ ዓመታት የስቴቱ ገቢ ግብር ይቀርለታል።

ሜይን ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለተመረቀ ሰው የከፈለው የትምህርት ብድር ከግብሩ ላይ ይታሰብለታል። መጀመሪያ እዚያው ሜይን የተማረውን ብቻ ነበር የሚመለከተው። በኋላ "የትም ስቴት ይማር፣ እኛ ጋ ኖሮ ከሠራ ይበቃናል" አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 25,000 ዶላር ድረስ ነው። ያለብህ ግብር ከዚያ ካነሰ ልዩነቱን በእጅህ ይሰጡሃል።

ኒው ዮርክ ግን ማርም ዱላም ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ፕሮግራም የቤተሰብህ ገቢ በዓመት ከ125,000 ዶላር ካልበለጠ በመንግሥት ኮሌጅ የትምህርት ክፍያ የለብህም። ነገር ግን ዕርዳታውን የወሰድክበትን ያህል ዓመት ከምርቃት በኋላ ኒው ዮርክ መኖር አለብህ። ቀድመህ ውልቅ ካልክ ዕርዳታው ብድር ይሆንና ትከፍላለህ። ወለድ ግን የለውም።

የታቦር ልጅ

ተባረክ ወንድሜ። የኒው ዮርኩ ለእኛ የሚሆን ይመስለኛል። ውል ፈርመህ ትማራለህ፣ ውልህን ትፈጽማለህ።

መምህር ነኝ

የታቦር ልጅ፣ ውል መፈረም ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። እሱን ሌላ ሰው ሳያነሳው አይቀርም። እኔ ያንተን ሐሳብ በቁጥር ልየው። ኢኮኖሚክስ ስለማስተምር ካልደመርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የወጪ መጋራት ደንቡ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን እንዲጋራ ያስገድዳል። ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል።

አሁን አንድ አዲስ ተመራቂ ውሰዱ። ከመስከረም 2018 ወዲህ የባለ ዲግሪ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ 11,500 ብር ነው። በአዲሱ የግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ በቀሪው ላይ 2,100 ብር ግብር ይመጣል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 805 ብር። የሚተርፈው 8,595 ነው። ከዚያ ኮስት ሼሪንግ 1,150 ሲቆረጥ እጁ የሚገባው 7,445 ብር ይሆናል።

ስለዚህ ያንተ ማበረታቻ በወር 1,150 ብር ናት። እናቱ ቤት እየበላ እየተኛ ሐዋሳ የሚኖር ልጅ ለዚህ ብሎ አሮሬሳ ይወጣል? ቤት ይከራያል፣ ምግብ ይገዛል፣ በበዓል ወደ ቤት ይመላለሳል። የትራንስፖርቱን እንኳ አትችልም።

የባሰው ደግሞ አለ። ባጃጅ የሚነዳው ባለ ዲግሪ ኮስት ሼሪንግ እየከፈለ አይደለም። ፔሮል ላይ ያልገባን ሰው ማን ይቆርጥበታል? በአንድ ጊዜ ዕዳውን ጠራርጎ የሚከፍለው ውጭ አገር ለመሄድ ኦሪጅናል ዲግሪውና ትራንስክሪፕቱ የተፈለገበት ልጅ ነው። ዕዳው አንቆ የሚይዘው ለመሄድ የቆረጠውን ነው። ልቅር ወይስ ልሂድ እያለ የሚያመነታውን አይነካውም። አሜሪካ የብድር ነገር የሚሠራው ብድሩ ትልቅ ስለሆነ ነው። የወጣቱን ግማሽ ሕይወት ይዞ ይጓዛል። እኛ ጋ ግን ልጁን የሚያሳድደው ሌላ ነገር ነው።

ባለ ባጃጁ ኢንጂነር

መምህር፣ "ባጃጅ የሚነዳው ባለ ዲግሪ" ያልከው እኔ ነኝ። ሲቪል ምህንድስና። መውጫ ፈተናውንም በመጀመሪያው ዙር በ2015 አልፌያለሁ። ከአሮጌው ገበያ እስከ ሞቢል እንገናኝ፣ ሒሳብ አልቀበልህም።

ኮስት ሼሪንግ ምን እንደሆነ የማውቀው የፈረምኩበትን ወረቀት ስለማስታውስ ነው። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔን የሚያሳድደኝን ልንገርህ? የማስታወቂያ ሰሌዳ። ከአንድ መሥሪያ ቤት በር አጠገብ አንድ ሰሌዳ አለ። ወረቀት በወረቀት ላይ ተለጥፎበት ጣት ያህል ወፍሯል። ሁልጊዜ በዚያ ሳልፍ ባጃጄን አቁሜ አያለሁ። "የሥራ ልምድ፡ 4 ዓመት"። "6 ዓመት"። አልፎ አልፎ "0 ዓመት" የሚል ሲወጣ ደግሞ "ብዛት፡ 1" ይላል። ለዚያች ለአንዷ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ይሄዳል። ፈተናውን ትፈተናለህ፣ ስልክ ትጠብቃለህ። ሰው ያለው ይገባል።

ወረዳ ውጡ ካላችሁኝ ነገ እወጣለሁ። ዳዬም እወጣለሁ። ማነው የጠራኝ?

ሀይቅ ዳር

ኢንጂነር ያነሳው ትልቅ ነጥብ ነው። ከተማዋ ላይ የደረሰውንም አትርሱ። ሐዋሳ የያኔው ደቡብ ክልል መቀመጫ ሳለች ስንት ቢሮ ነበራት? በሰኔ 2012 ሲዳማ ክልል ሆነ። በነሐሴ 2015 ደግሞ የቀረው ደቡብ ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሲመሠረቱ ቢሮዎቹ ወላይታ ሶዶ፣ ዲላ፣ አርባ ምንጭ፣ ሆሳዕና እያሉ ተበተኑ። ሠራተኛው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሄደ። ክልል የመሆን መብት አንድ ነገር ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን የያኔውን ክልል በሙሉ ታገለግል የነበረች ከተማ አሁን የአንድ ክልል መቀመጫ ናት። የቢሮ ሥራው ያንኑ ያህል ጠቧል። ዩኒቨርሲቲው ግን አልጠበበም።

ሲዳማዊት

እኔ ደግሞ ያልተነሳውን ላንሳ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቀው ሁሉ የሲዳማ ልጅ አይደለም። ሚኒስቴሩ ከጎንደርም ከሐረርም ይመድባል። የጎንደሩ ልጅ ሲጨርስ አገሩ ቢገባ "ፈለሰ" አይባልም። እሱን ማቆየት ከፈለጋችሁ ከእኛው ልጅ የተለየ ነገር ነው የሚያስፈልገው። ደግሞም የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው። ወረዳ ጤና ጣቢያ ገብቶ ቋንቋውን የማይችል ልጅ ከእናቶች ጋር እንዴት ይግባባል? ዲግሪ ሲጀምሩ ሲዳሙ አፎ እንዲማሩ ቢደረግ ያ ራሱ ማበረታቻ ነው። ከኮስት ሼሪንግም ይረክሳል።

አወያይ

ከዚህ በታች የነበሩ ሁለት አስተያየቶችን አንስቻለሁ። የብሔር ስድብ እዚህ ቤት አይገባም። ስለ ሥራ እያወራን ነው፣ በዚያው ቀጥሉ።

ነርሷ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ወረዳ ወጥቼ የሠራሁ ስለሆንኩ ልናገር።

ከምርቃት በኋላ የተቀጠርኩት አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ስሙን አልጠራም። ከአስፋልቱ ወርደህ በክረምት ሞተር ሳይክል እንኳ የሚያንሸራትተው መንገድ ነው። ከመሄዴ በፊት የፈራሁት ጨለማውንና ብቸኝነቱን ነበር። እሱ ምንም አልነበረም። ሰዉ መልካም ነው። የቆጮና የወተት እጥረት አላየሁም፤ የሚወልዱ እናቶች ቤተሰቦች ቅቤ ሳይቀር ያመጡልኝ ነበር።

ያስመረረኝ ሌላ ነው። አንደኛ ዲዩቲ። ሌሊት ታድራለህ፣ ቅዳሜና እሁድ ትገባለህ፣ ክፍያው "በጀት የለም" ይባላል። ወራት አለፉ። ስጠይቅ "አንቺ ብቻ ነሽ የምትጠይቂው" ተባልኩ። ሁለተኛ ቤት። ግቢው ውስጥ ለሠራተኛ ተብሎ የተሠራ ቤት ነበር። መጋዘን ሆኖ የተሰበረ አልጋና ካርቶን ተደርድሮበታል። እኔ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ተከራይቼ ሌሊት ምጥ ሲመጣ በእጅ ባትሪ እሄዳለሁ። አንድ ሌሊት ዝናብ ላይ የባትሪው ድንጋይ አለቀብኝና የወላዷ ባል ነው እጄን ይዞ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ። ሦስተኛ፣ ይኼ ከሁሉም የከፋው ነው፣ መውጫው አይታወቅም። "ሁለት ዓመት ሥሪ፣ ትዛወሪያለሽ" ተብዬ ነው የገባሁት። በቃል። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ኃላፊው ተቀይሯል። አዲሱ "ማን ነው እንዲህ ያለሽ?" አለኝ።

የታቦር ልጅ፣ ኮስት ሼሪንጌን ቢከፍሉልኝ እምቢ አልልም። ግን ለእሱ ብዬ የምቀር ሰው አልነበርኩም። አሁን ሐዋሳ የግል ክሊኒክ ነኝ። ደመወዙ ብዙም አይበልጥም። ዲዩቲዬ ግን በወሩ ይገባል።

ካንሳስ ያለሁት

እህቴ፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት።

የካንሳሱ ነገር ለዚህ ነው ደስ የሚለኝ። ግማሹን ካውንቲው ከራሱ ኪስ ስለሚያወጣ ባለሙያ ሲገባ ይንከባከበዋል። ገንዘቡን ከላይ ብቻ ብትልኪ ታች ያለው አለቃ ምን ቸገረው?

የይርጋለሙ

ውል አዲስ አይደለም የተባለው እውነት ነው። አባቴ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነገር ነበር። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግላል፤ አብዛኛው በአስተማሪነት። ያንን ሳይጨርስ ዲግሪ የለም። አባቴ ይርጋለም ደረሳቸው። እያለቀሱ ነው የመጣሁት ይላሉ።

ከደርግ በኋላ የመጣውንም ታስታውሳላችሁ። ሐኪሞች ዕጣ እያወጡ ይመደቡ ነበር። የአገልግሎት ዘመናቸውን እስኪጨርሱ ማስረጃቸው ይያዝባቸዋል። ያ ሁሉ ሐኪም ወረዳ ቀረ? ቀኑን እየቆጠረ ጨርሶ ሄደ። የኒው ዮርኩ ዱላ እኛ ጋ ከኒው ዮርክ በፊት ተሞክሯል።

አባቴ ግን ግዴታቸውን ጨርሰው፣ ተመርቀው፣ ወደ ይርጋለም በራሳቸው ፈቃድ ተመለሱ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸዋለሁ። "ቤት ነበረኝ" አሉኝ። በአገልግሎቱ ዓመት ካንድ ቤተሰብ ጋር ተጠግተው ኖሩ፣ ተማሪዎቻቸው ወደዷቸው፣ እናቴንም እዚያው አገኟት። እናቴ ይህን ስትሰማ "ማበረታቻው እኔ ነበርኩ" ብላ ትስቃለች።

ባለ ባጃጁ ኢንጂነር

እንደዚያ ከሆነ ክልሉ ሚስት ይመድብልን።

ሀይቅ ዳር

በብዛት፡ 1።

ልብስ ስፌት መስመር 7

ሰላም። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቻለሁ። ማበረታቻ እኛ አገር የለም የሚል ሰው ካለ ይታረም። ሐምሌ 2008 ፓርኩ ሲመረቅ ለባለሀብቱ ያልተሰጠ የለም። የግብር እፎይታ፣ ከቀረጥ ነጻ ማሽን፣ በርካሽ የተዘጋጀ ሼድ። ሐሳቡ "ፋብሪካ ይምጣ፣ ሥራ ይመጣል" ነበር። በርካታ ሺህ ሰው ተቀጠረ፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን መስመሩ ላይ የሚፈለገው ዲግሪ አይደለም። የእኔ ባች ልጆች ለሱፐርቫይዘርነት መጥተው ደመወዙን ሲያዩ ተመለሱ። ሌሎቹ ልምድ እስኪይዙ ሠርተው አዲስ አበባ ገቡ። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. አጎአን፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ የመላክ ዕድሉን፣ ስታቆምብን ደግሞ ፒቪኤች የሚባለው ትልቁ ድርጅት ቀድሞ ወጣ፣ ብዙ ሰው ቤቱ ተቀመጠ።

ይርጋለም ያለው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። አቮካዶ ይጨመቃል፣ ጥሬ ዕቃው ከሰፈሩ ነው። የምግብ ሳይንስ ተማሪና የእርሻ ተማሪ እዚያ ቦታ አለው። ማበረታቻ ለተመራቂ ይሰጥ ካላችሁ ለድርጅቱ ስጡና ድርጅቱ ተመራቂ ይቅጠርበት። ለምሳሌ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዙን ግማሽ መንግሥት ቢሸፍን "0 ዓመት" የሚል ማስታወቂያ ይበዛል።

መምህር ነኝ

ይህኛው ከኮስት ሼሪንጉ በብዙ ይሻላል። አንድ ስጋት ብቻ፦ ድርጅቱ ሊቀጥረው የነበረውን ልጅ በመንግሥት ገንዘብ ይቀጥርና ዓመቱ ሲያልቅ አሰናብቶ ሌላ ያመጣል። ማን ይቆጣጠራል?

በነገራችን ላይ አሜሪካኖቹም ይህ ችግር አለባቸው። ጆርጂያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሎተሪ ገቢ ጎበዝ ተማሪዎችን በስቴቱ ኮሌጅ ታስተምራለች። ሌሎችም ተከተሏት። ሲጠና አብዛኛው ገንዘብ የሄደው ባይሰጣቸውም እዚያው ይቀሩ ለነበሩ ልጆች ነው። የታቦር ልጅ፣ አንተ ያለ ማበረታቻ ሐዋሳ ቀርተሃል። ያንተ ሐሳብ ቢጸድቅ የመጀመሪያው ተጠቃሚ አንተ ነህ።

የታቦር ልጅ

ያዝከኝ መምህር። እኔ የቀረሁት እናቴ ብቻዋን ስለሆነች ነው።

እሺ፣ ኮስት ሼሪንጉን እንተወው። ከዚህ ክር የሰበሰብኩት እንዲህ ይመስላል፦ ለሠራተኛ የተሠራው ቤት ከመጋዘንነት ይውጣ፣ ዲዩቲ በወሩ ይከፈል፣ ዝውውሩና ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድሉ ሲቀጠር ጀምሮ ቀኑ በጽሑፍ ይስፈር። ለግል ድርጅት ደግሞ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ ድጎማ። የሲዳማዊትንም የቋንቋ ነገር እጨምራለሁ። ይህንን ጽፌ ሲቪል ሰርቪስ ቢሮ ላስገባ ነው። የሚፈርም ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።

ሲዳማዊት

እፈርማለሁ። የአማርኛውንና የሲዳምኛውን ጎን ለጎን አድርገህ አስገባ፣ ትርጉሙን እኔ እሠራዋለሁ። ለመምህራን በማኅበር የሚሰጠውን የቤት መሥሪያ ቦታም ጨምርበት። አምስት ዓመት ወረዳ ለቆየ ባለሙያ እዚያው ወረዳ ከተማ ላይ ቦታ ይሰጠው። ቤት የሠራ ሰው በቀላሉ አይነቀልም።

የይርጋለሙ

አባቴም ይፈርማሉ። "በጀት የለም" እንደሚሏችሁ ግን ከአሁኑ ዕወቁ ብለዋል።

መምህር ነኝ

ዲዩቲው ቀድሞውንም ለሠራችበት የሚገባት ክፍያ ነው፤ እሱን "ማበረታቻ" ብለህ አትጻፈው። መጋዘኑን ባዶ ማድረግ በጀት አይጠይቅም። ደብዳቤው ላይ እነዚህን ሁለቱን አስቀድማቸው፣ መሬቱን መጨረሻ።

የታቦር ልጅ

እሺ መምህር። ነርሷ፣ አንድ ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ቢሟላ ወደዚያ ጤና ጣቢያ ትመለሻለሽ?

ነርሷ

ቀኑ በጽሑፍ፣ ከነማኅተሙ ከሆነ አዎ። መጀመሪያ ግን የቀረብኝን ዲዩቲ ይክፈሉኝ።